የሌላ ሰው ያረጀ ዶሜይን ከመግዛት በፊት የራስን አሮጌ አድራሻ ማዳን

ጥያቄ፦ «ፒያሳ ለ11 ዓመት የሠራ ማተሚያ ቤት አለን። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ ሜክሲኮ ተዛወርን። የድርጅታችን ስም ውስጥ ‹ፒያሳ› የሚል ቃል ስለነበረበት ዘንድሮ ስሙን ቀይረን በአዲስ ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ ስም) አዲስ ድረ ገጽ አሠራን። 4 ወር ሆነው፤ ‹የሠርግ ጥሪ ካርድ› ብለን ስንፈልግ ግን ጉግል ላይ የትም የለንም። አንድ ባለሙያ ዕድሜ ያላቸው 12 ዶሜይኖች ገዝቶ በ301 ሪዳይሬክት ወደ እኛ ቢያዞራቸው በ1 ወር ውስጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንደምንወጣ ነግሮን 85,000 ብር ጠይቆናል። ይህ ያዋጣናል? ‹ሠርግ› እና ‹ሰርግ› ብለው ለሚፈልጉ ሰዎች ሁለት ገጽ ሠርተን አንዱን ወደ ሌላው ብናዞርስ? የድሮውን ድረ ገጽ ዘግተነዋል፤ ዶት ኮም የነበረው ዶሜይኑም ከ3 ሳምንት በፊት ጊዜው አልፎ አላደስነውም።»

አያዋጣችሁም፤ 85,000 ብሩን አትክፈሉ። በጥያቄያችሁ ውስጥ ዛሬውኑ መልስ የሚሻው ጉዳይ ግን የ12ቱ ዶሜይኖች ነገር ሳይሆን፣ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እግረ መንገዳችሁን ጠቅሳችሁ ያለፋችሁት የራሳችሁ አሮጌ ዶሜይን ነው። ለሌላ ሰው ያረጀ ዶሜይን ገንዘብ እየተዘጋጀ የራስ ዶሜይን ሜዳ ላይ ሲጣል በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የሚያስቆጨውም የሚጣለው ከሚገዛው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መሆኑ ነው።

ዶት ኮም ዶሜይን ጊዜው ባለፈ ማግስት ለሌላ ሰው አይተላለፍም። እንደ መዝጋቢው ድርጅት ቢለያይም በመጀመሪያ እስከ 45 ቀን ሊደርስ የሚችል የእፎይታ ጊዜ ይኖራል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በመደበኛው ዋጋ ማደስ ይቻላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው 30 ቀን የመዋጃ ጊዜ ሲሆን፣ እዚያ ከደረሰ መዝጋቢው ከእድሳቱ ላይ ጠንከር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። በመጨረሻ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ስሙ ነጻ ይለቀቃል፤ አንዳንድ መዝጋቢዎች ደግሞ ይህ ሁሉ ሳያልቅ ለጨረታ ያወጡታል። እናንተ 3 ሳምንት ላይ ናችሁ። ቢያመልጣችሁ ዶሜይኑን ከሚሻሙት መካከል አሁን እናንተን ያነጋገራችሁ ዓይነት ነጋዴ እንደሚኖርበት አትጠራጠሩ፤ ያን ጊዜ የ11 ዓመት ስማችሁ በሌላ ሰው ጥቅል ውስጥ 13ኛው «ዕድሜ ያለው ዶሜይን» ሆኖ ይሸጣል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቋርጣችሁ ዶሜይኑ በማን ኢሜይልና በማን ስም እንደተመዘገበ አጣሩ። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ድረ ገጹን በሠራው ልጅ ስም ነው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለነበር በራሱ ካርድ ከፍሎት ይሆናል። ሰውዬውን ፈልጋችሁ አሳድሱት፤ ከታደሰ በኋላም መለያውን ወደ ድርጅቱ አስዛውሩ።

አሁን ወደ ሪዳይሬክት፣ ማለትም አንድን አድራሻ የከፈተውን ሰው ወደ ሌላ አድራሻ ወደማዞር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኤችቲቲፒ (ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) 1.0 ሰነድ ውስጥ ሳይቀር የነበሩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ 301 «በቋሚነት ተዛውሯል» ይላል፤ 302 ደግሞ «ለጊዜው ሌላ ቦታ ነው» ይላል። ጉግል 301ን እና ታናሽ ወንድሙን 308ን አዲሱ አድራሻ በአሮጌው ቦታ እንዲገባ የሚያመለክቱ ጠንካራ ምልክቶች አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ 302 እና 307 ግን ደካማ ምልክቶች ናቸው። ነገሩ ፒያሳ ቤታቸው ሲፈርስ ነጋዴዎች በቆርቆሮው አጥር ላይ ከለጠፉት «ወደ እንትና ሕንፃ ምድር ቤት ተዛውረናል» ከሚለው ወረቀት አይለይም። ወረቀቱ የነበረውን ደንበኛ ወደ አዲሱ ቦታ ያደርሳል እንጂ ያልነበረ ደንበኛ አይፈጥርም። የባለሙያው አሳብ የሚፋለሰው እዚህ ላይ ነው። ሪዳይሬክት ሲደረግ ከገጹ ዋጋ ተቆርጦ የሚቀር ነገር አለ የሚል የቆየ ፍርሃት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጉግሉ ጋሪ ኢሊየስ በ300ዎቹ ሪዳይሬክቶች ፔጅራንክ፣ ማለትም ጉግል ከሊንኮች ተነሥቶ ለገጽ የሚሰጠው ዋጋ፣ እንደማይቀነስ በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ ያላችሁ ሙሉ በሙሉ ይተላለፋል፤ የሌላችሁን ግን ሪዳይሬክት ከየትም አያመጣውም።

ሻጩ የሚነግራችሁ ነገር ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ነው ማለቴ አይደለም። ጉግል ከመነሻው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ፣ ከሌሎች ድረ ገጾች የሚመጣን ሊንክ እንደ ምስክርነት ሲቆጥር ኖሯል፤ ብዙ ሊንክ የነበረውን የተጣለ ዶሜይን አንሥቶ ወደ አዲስ ድረ ገጽ ማዞርም ድሮ የሠራበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 «ፔንጉዊን» የተባለው ማሻሻያ ሰው ሠራሽ ሊንኮችን ማደን ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የዋናው አሠራር አካል ሆነ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ጉግል ጊዜው ያለፈበትን ዶሜይን ለደረጃ ማጭበርበሪያ ማዋልን በስም ጠቅሶ የአይፈለጌ ይዘት ፖሊሲው ውስጥ አስገባው። ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረን ዶሜይን ገዝቶ የቁማር ይዘት መጫን ነው። ለትክክለኛነቱ ያህል፣ የዚህ አንቀጽ ቃል የሚናገረው እርባና የሌለው ይዘት ስለሚጫንባቸው ዶሜይኖች እንጂ ስለ ሪዳይሬክት አይደለም፤ ሻጮችም ይህችን ቀዳዳ ጠቅሰው ይከራከራሉ። ሆኖም ለደረጃ ሲባል ሊንክ መግዛትና መሸጥ በዚያው ፖሊሲ ውስጥ ራሱን የቻለ ክልከላ አለው፤ የዶሜይን ጥቅል የሚገዛውም ለሊንኩ እንጂ ለሌላ አይደለም።

ከቅጣቱ ይልቅ የሚያጋጥማችሁ ግን ገንዘባችሁ በከንቱ መቅረቱ ነው። አሮጌ ገጾች ከርዕሳቸው ጋር ወደማይገናኝ አንድ ገጽ፣ ለምሳሌ ወደ እናንተ መነሻ ገጽ፣ በጅምላ ሲዞሩ ጉግል ገጾቹ እንደጠፉ ቆጥሮ ሪዳይሬክቱን ችላ ሊለው ይችላል። የጫማ ቤት ማስታወቂያ ላይ የማተሚያ ቤት አድራሻ ቢጻፍበት ጫማ ፈላጊው ደርሶ ይመለሳል እንጂ ካርድ አያሳትምም፤ ፍለጋውም ይህን ያህል ያውቃል። ከዚህ የከፋው ዕድል ዶሜይኑ ድሮ የተሠራበት ጥፋት አብሮት መምጣቱ ነው። ከአንድ ደንበኛዬ ጋር እንዲህ ያለ የዶሜይን ዝርዝር ይዘን የድረ ገጾችን የቀድሞ መልክ በሚያሳየው በዌይባክ ማሽን አንድ በአንድ ስናይ፣ አንደኛው ለዓመታት የአንድ የሙዚቃ ባንድ ገጽ የነበረ፣ ከዚያ በማናውቀው ቋንቋ ቁማር ሲያስተዋውቅ የቆየ ሆኖ አገኘነው። ደንበኛዬ ሣቀ፤ ቀብዱን ግን አስቀድሞ ከፍሎ ነበር። ሻጩን የ12ቱን ስም ዝርዝር ጠይቁት። ከመክፈላችሁ በፊት ስማቸውን ሊነግራችሁ ካልፈቀደ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የሌላን ዶሜይን ገዝቶ ማዞር ትክክል የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እርሱም ሥራውን ጭምር ስትረከቡ ነው። አጠገባችሁ የነበረ ሌላ ማተሚያ ቤት ሥራ ሲያቆም ደንበኞቹን፣ ዲዛይኖቹንና ድረ ገጹን ብትገዙና የእርሱን የማኅተም ገጽ ወደ እናንተ የማኅተም ገጽ ብታዞሩት ነውርም ስጋትም የለበትም። ጎብኚው የመጣበትን ነገር ያገኛልና።

«4 ወር ሆኖን የትም የለንም» የሚለው ለብቻው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም በዝቅተኛ ደረጃ መገኘትና ጉግል መዝገብ ውስጥ ጨርሶ አለመግባት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ጉግል ላይ «ሳይት» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል (site) ጽፋችሁ፣ ሁለት ነጥብ (:) አስከትላችሁ፣ ያለ ክፍት ቦታ ዶሜይናችሁን አስገቡ። አንድም ገጽ ካልመጣ ችግሩ የደረጃ አይደለም። ድረ ገጹ በዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ከተሠራ ቅንብሩ ውስጥ ንባብን በሚመለከተው ክፍል የፍለጋ ፕሮግራሞች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ሠሪው በግንባታ ጊዜ ምልክት ያደርግባታል፤ ሲያስረክብ ማንሣቱን ይረሳል። በሌላ ሰው አልፈርድም፤ እኔም ያስረከብኩት ድረ ገጽ ላይ ይህችን ሳጥን ረስቼ ደንበኛው ከ7 ሳምንት በኋላ ደውሎ ነው የነገረኝ። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው በሰርች ኮንሶል መነሻ ገጻችሁን አስመርምሩ፤ ምልክቱ ካለ እዚያው ይነግራችኋል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ የ85,000 ብሩ በሽታ በአንድ ጠቅታ ሊድን ነው ማለት ነው።

ሳጥኗ ንጹሕ ሆና ከተገኘች ደግሞ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አዲሱን ዶሜይን እስካሁን የሚያውቀው የለም፤ የሚታወቀውን እናንተው ዘግታችሁታል። እስቲ የማተሚያ ቤት ሰው ሆናችሁ አስቡት። ባለፉት ዓመታት ያተማችኋቸው የሠርግ ካርዶች ጀርባ ላይ፣ ከታች በኩል በትንንሽ ፊደል፣ የድሮው ድረ ገጻችሁ አድራሻ እንዳለ እገምታለሁ፤ እኔ ቤት ካሉት የሠርግ ካርዶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። የቢዝነስ ካርዶቻችሁ ኪውአር ኮድ፣ የቴሌግራም ቻናላችሁ የቆዩ ልጥፎች፣ ስለ እናንተ የጻፉ ሰዎች ሊንክ፣ ሁሉም የሚያመለክቱት ወደዚያው አድራሻ ነው። የታተመ ነገር አይታረምም። ሪዳይሬክት እዚህ ላይ ነው እውነተኛ ሥራ የሚሠራው፤ ከጉግል በፊት ለሰው ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዶሜይኑ ከታደሰ በኋላ አዲሱ ድረ ገጽ ወዳለበት ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር) እንዲያመለክት አድርጉትና በመቆጣጠሪያው በሲፓነል ውስጥ ተጨማሪ ዶሜይን ሆኖ ይግባ። ለአሮጌው ዶሜይንም የኤስኤስኤል ሰርተፊኬት (ግንኙነቱ የተጠበቀ መሆኑን ለብራውዘር የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት) የግድ ያስፈልገዋል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፤ ሰርተፊኬት ከሌለ አሮጌውን የኤችቲቲፒኤስ አድራሻ የሚከፍት ሰው ሪዳይሬክቱ ዘንድ ሳይደርስ የብራውዘሩን ቀይ ማስጠንቀቂያ አይቶ ይመለሳል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ሰርተፊኬቱን በነጻ ይሰጣል፤ ብዙ ሆስቲንጎችም ራሳቸው ያድሱታል። ቀጥሎ የአሮጌውን ድረ ገጽ አድራሻዎች በሙሉ በኤክሴል በአንድ ዓምድ፣ የአዲሱን አቻቸውን በጎናቸው አስፍሩ። የሠርግ ካርዱ ወደ ሠርግ ካርዱ፣ የደረሰኝ ሕትመቱ ወደ ደረሰኝ ሕትመቱ ይሂድ። በአዲሱ ድረ ገጽ አቻ ያጣ፣ ግን ሰው የሚጎበኘው ገጽ ካለ አቻውን ሥሩለት፤ የማይረባ ከሆነ 404 («ገጹ አልተገኘም») ይበል። ሁሉንም ጠቅልሎ ወደ መነሻ ገጽ ማዞር ከላይ ያልኩትን የጅምላ ስሕተት በራስ ላይ መድገም ነው።

በአማርኛ የተጻፉ አድራሻዎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ባለሙያችሁም ይህን ካላወቀ ሪዳይሬክቱ የተሠራ መስሎ አይሠራም። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት አሠራር) ሦስት ባይት ይይዛል፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይጻፋል፤ ስለዚህ አንዱ ፊደል 9 ቁምፊ ይሆናል። «የሠርግ-ጥሪ-ካርድ» 9 ፊደልና 2 ሰረዝ ነው፤ አድራሻው ውስጥ ግን 83 ቁምፊ ይሆናል። ዎርድፕረስ የገጽ አድራሻን 200 ቁምፊ ላይ ይቆርጠዋል፤ በአማርኛ ሲሰላ 22 ፊደል ገደማ ላይ ማለት ነው፤ እናም የረጅም ርዕስ አድራሻ መሐሉ ላይ ተቆርጦ ይገኛል። አሮጌዎቹን አድራሻዎች ከርዕሳቸው ተነሥታችሁ በግምት አትጻፏቸው፤ ከድሮው ሰርች ኮንሶል ሪፖርት ወይም ከሳይትማፑ (የድረ ገጹን አድራሻዎች ከሚዘረዝረው ፋይል) ቅዱ። በአፓቼ ሰርቨር ላይ ደግሞ የሪዳይሬክት ደንቡ የሚነጻጸረው ከፐርሰንት ወደ ፊደል ከተፈታው ጽሑፍ ጋር ስለሆነ፣ በፐርሰንት የተሞላውን ጽሑፍ ከብራውዘር ቀድቶ እንዳለ ደንቡ ውስጥ መለጠፍ አይሠራም፤ የሚጻፈው የአማርኛ ፊደሉ ራሱ ነው። ለአዲሱ ድረ ገጽ አጭር የላቲን ፊደል አድራሻ እመክራለሁ፤ ርዕሱና ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ አድራሻው ላቲን ቢሆን የሚቀርባችሁ ነገር የለም፤ በቴሌግራም ሲላክም አይዝረከረክም።

ስትሞክሩት የብራውዘሩን የገንቢ መሣሪያ ከፍታችሁ የኔትወርክ ክፍሉን ተመልከቱ። አሮጌው አድራሻ ሲከፈት አንድ የ301 መስመር፣ ከሥሩም 200 («ገጹ ተገኝቷል») ብቻ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ ከዚያ ሦስቱ ደብልዩ ወዳለው፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ዶሜይን፣ ከዚያ ወደ ገጹ የሚዘል የ4 ደረጃ ሰልፍ ነው። የጉግል ጎብኚ ፕሮግራም እስከ 10 ዝላይ ይከተላል፤ የተፈቀደ ሁሉ ግን ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ በደካማ ኢንተርኔት ላይ ያለ ስልክ እያንዳንዷን ዝላይ ይከፍልባታል። አንድ ጥንቃቄ፦ ብራውዘር 301ን ያስታውሳል፤ ተሳስቶ የተጻፈ 301 ሰርቨሩ ላይ ከታረመ በኋላም የጎበኘው ሰው ስልክ ላይ ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ በ302 ሞክሩ፤ ትክክለኛነቱን ስታረጋግጡ ወደ 301 ቀይሩት። በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ሪዳይሬክት ሰርቨሩ ላይ መሥራት ካልተቻለ በቀር አይታሰብ።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ በሰርች ኮንሶል ሁለቱንም ዶሜይኖች አረጋግጣችሁ የአድራሻ ለውጥ መሣሪያውን ተጠቀሙ፤ ማሳወቂያው ለ180 ቀን ይጸናል። ጉግል ሪዳይሬክቱ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። እናንተ ግን ካርድ ሰው ቤት መሳቢያ ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ፤ ዶሜይኑን ማደስ አታቁሙ።

«ሠርግ» እና «ሰርግ» ላቀረባችሁት ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ ሁለት ገጽ አያስፈልግም። ባዶ ገጽ ፈጥሮ ወደ ሌላ ማዞር ምንም አይጨምርም፤ ሁለቱንም ክፍት አድርጎ አንድ ጽሑፍ ማባዛት ደግሞ ገጾቹን እርስ በርስ ያሻማቸዋል። በርዕሱ በንጉሡ «ሠ» ጻፉ፤ በጽሑፉ ውስጥ ደንበኞች የላኩላችሁን አስተያየት እንደ ወረደ ስታስገቡ በእሳቱ «ሰ» የጻፉት ራሱ ይገባል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰዎች በየትኛው እየፈለጉ እንደሚመጡ የሰርች ኮንሶል ሪፖርቱ ያሳያችኋል።

ሌላም ያልጠየቃችሁኝ ነገር አለ። ካርድ የሚያሳትም ሰው የሚፈልገው በአቅራቢያው ያለ ማተሚያ ቤት ነው፤ ስለዚህ ጉግል ካርታ ላይ ያለው የድርጅታችሁ ገጽ ከድረ ገጹ እኩል ይመዝናል። ፒያሳ ላይ የነበረውን ገጽ «በቋሚነት ተዘግቷል» ብላችሁ አዲስ አትክፈቱ፤ ደንበኞች የጻፉላችሁ አስተያየት ከአሮጌው ጋር ይቀራል። ያንኑ ገጽ ክፈቱና አድራሻውን ወደ ሜክሲኮ፣ ስሙንና የድረ ገጹን ሊንክ ወደ አዲሱ ቀይሩ፤ ዳግም ማረጋገጫ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ በቪዲዮ ከሆነ የመደብሩን ስም የያዘው ሰሌዳ እንዲታይ አድርጋችሁ ቅረጹ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሮጌው ድረ ገጽ የነበረው ዋጋ ወደ አዲሱ እስኪዞር ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ የምትመለሱትም ድሮ ወደነበራችሁበት ደረጃ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚያወጣችሁ የሪዳይሬክት ብዛት ሳይሆን የገጾቹ ይዘት ነው፤ ለምሳሌ የካርድ ወረቀት ዓይነቶችን፣ የ100 እና የ500 ካርድ ዋጋን፣ የመረከቢያ ቀንን በግልጽ የሚናገር ገጽ። ለሻጩ ካሰባችሁት ገንዘብ ላይ በጥቂቱ የካርዶቻችሁን ጥሩ ፎቶ አስነሡ። አሮጌው ዶሜይን ከእጃችሁ ወጥቶ ሌላ ሰው ወስዶት ካገኛችሁት ግን ዞር የሚደረግ ነገር የለም፤ በተጋነነ ዋጋ ለመግዛት አትሯሯጡ፤ ለቴሌግራም ቻናላችሁ ተከታዮች የአድራሻውን መለወጥ ንገሩ፤ ሊንክ ለሰጧችሁ ሰዎች አንድ በአንድ እየደወላችሁ እንዲያስተካክሉ ጠይቁ፤ በእጃችሁ የቀረውን አሮጌ አድራሻ ያለበትን የካርድ ክምችትም ከመደርደሪያው አንሡ።